በሩፋኤል ዕለት የጠፋው ዝናብ

ዝናብ መለካት ሥራ ነው ብዬ ለሰው ማስረዳት የጀመርኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ እስካሁንም አልተሳካልኝም። «ምድር የሚውጠውን ውኃ ለክታችሁ ምን ልታደርጉት ነው?» ይሉኛል። በዚያን ጊዜ መቐለ ውስጥ ይህን ያላለኝ ሰው ቢኖር ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ብቻ ነው። የሰፈሩ ልጆች «ነፋስ ጠባቂዎች» የሚል ስም አውጥተውልን ነበር። ባለፍን ቁጥር «ዛሬ ስንት ነፋስ አመለጣችሁ?» እያሉ ይጮኹብናል። አንድ ቀን ታግሼ ቆሜ የነፋስ መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳቸው ብሞክር እስክጨርስ እንኳን አልጠበቁኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በእንዳ ኢየሱስ በኩል ባለው ሜዳ ላይ ትቶት የሄደው አንድ የድንጋይ ቤት ነበር። ቤቱ ተጠገነና የአዝርዕትና የአየር መመርመሪያ ጣቢያ ሆነ። አንድ ፈረንጅ ሊቅ መጥቶ ከትምህርት ቤታችን ተማሪዎች እንዲሰጡት ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ፣ ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሙሉ ቀን፣ ጣቢያው እየሄድን ሳይንስን በእጃችን እየነካን እንድንለማመድ ተፈቀደልን። ከሁሉም የሚበልጠው ተስፋ ግን ሌላ ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዱ ካርቱም ተልኮ የአየር ጠባይ ትምህርት ይማራል፤ ሲመለስም ጣቢያው ውስጥ ቋሚ ሥራ ይይዛል ተባለ።

አራት ተመረጥን። ሦስቱ ወንዶች፣ አራተኛዋ እኔ። አባቴ ከሸዋ በጸሐፊነት ተሹሞ የመጣ ሰው ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝም፣ «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን?» እያሉ የሳቁበትን ሁሉ ንቆ ትምህርት ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። መቐለ በገባን በዓመቱ ለሥራ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ ከዚያ አልተነሣም። እናቴና እኔ እዚያው ቀረን። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ታኖረኝ ነበር። እኔም የአባቴን ልፋት ከንቱ ላላስቀር ምዬ ነበርና ካርቱምን ከሦስቱም ወንዶች አጥብቄ ፈለግኋት። ካርታ ላይ ያለችበትን ቦታ በጣቴ ስነካካው ቀለሙ ሊለቅ ደርሶ ነበር።

ጣቢያው ግን ሰው የሚያበሳጭ ነገር አያጣም። ፈረንጁ አማርኛ ተምሬያለሁ ይላል፤ ያስተማረው ሰው ግን ሴት የምትባል ፍጥረት በዓለም ላይ መኖሯን የነገረው አይመስለኝም። ክረምቱን ሙሉ «አንተ» እያለ ጠራኝ። መጀመሪያ አካባቢ አርመው ነበር፤ እሱም «እሺ፣ ገባኝ፣ አንተ ትክክል ነህ» ይለኛል። ተውኩት። ወንዶቹ ቴርሞሜትር ሲያነቡ እኔ የስንዴ ዘር የምናበቅልበትን ጨርቅ እንዳጥብ፣ ጠርሙስ እንድፈገፍግ ያዘኛል። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ የጨው ነጋዴዎች ግመሎች ከአፋር በኩል ሲመጡ በጣቢያው ጥግ ያልፉና አንገታቸውን የሚያሹት በእኛ የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ላይ ነው። ሜዳ ሙሉ ድንጋይ እያለ! ምሰሶው ይዘማል፤ ፈረንጁ ይጮኻል፤ ባለግመሎቹ «ምን አደረገቻችሁ? ትንሽ ብታክበት?» ብለው ይስቃሉ።

ከሁሉም የከፋው ግን ከሦስቱ ወንዶች አንዱ ነበር። የነጋዴ ልጅ ነው፤ ምላሱ እንደ አባቱ ገበያ የለመደ፣ ጮሌ። ሳምንታዊ ተራ ነበረን፤ ተረኛው በየጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍቶ፣ በውስጡ ባለው ጠርሙስ የተጠራቀመውን ውኃ በመስታወት መስፈሪያ ለክቶ ለፈረንጁ ይናገራል። ይህ ልጅ በተራው ሳምንት ሁሉ ጸሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነበር የሚመጣው። ቢሆንም ቁጥር አጥቶ አያውቅም። ዝናቡን ከአልጋው ሳይወርድ ይለካል ማለት ነው። ስነግረው «ዘንቧል፤ ዘነበ አልኩ፤ ምን ጎደለ?» ይለኛል። ፈረንጁ ግን እሱን ይወደው ነበር፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ዝግጁ ነዋ።

ስለ መለኪያው ትንሽ ልናገር፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ከመዳብ የተሠራ ረጅም ቆርቆሮ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ከሥር እየጠበበ ሄዶ ውኃውን ወደ ጠርሙሱ የሚያወርድ። ከሰማይ የወረደው ዝናብ ቅጠል ሳይነካው፣ አፈር ሳያገኘው፣ የሰው እጅ ሳይደርስበት በቀጥታ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ፈረንጁ ይህን ደጋግሞ ያስተምረን ነበር። «አንድ ቀን ከጎደለ ክረምቱ በሙሉ ሞተ» ይለናል፤ «መለኪያውን ሳይጎድል የጠበቀ ሰው ካርቱም ይሄዳል።» እኔም ማታ ማታ ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ለእናቴ እተርክላታለሁ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የዝናብ ሳይንስን ሳትስቅ የሰማችኝ እሷ ብቻ ናት። እንዝርቷን እያሾረች «እጅ አይነካውም?» ትለኛለች። «አይነካውም» እላታለሁ። «በቀጥታ ከሰማይ?» «በቀጥታ ከሰማይ።» እናቴ ትምህርት ስለገባት ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር።

እንግዲህ ጳጉሜን ገባች። የመጨረሻዋ ተረኛ እኔ ሆንኩ። ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው፤ በዚያ ዕለት ሰማይ ይከፈታል፣ የሚዘንበው ዝናብም ጸበል ነው ይባላል። ወንዱ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ሴቱ ደጅ ዕቃ ያስቀምጣል፣ የዘነበለት ራሱን ያስመታል፣ ሊጡም በዚያው ውኃ ይቦካል። ይህን ስለማውቅ ከበዓሉ በፊት በነበረው ምሽት ወደ ቤቴ ስሄድ የጣቢያውን ዘበኛ አጥብቄ አስጠነቀቅኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ለድሮ ሹም ጠመንጃ ይዘው ያገለገሉ፣ አሁንም ጠመንጃው በሌለበት ትከሻቸውን ከፍ አድርገው የሚሄዱ።

«አቦይ፣ ነገ ማንም ሰው ግቢ እንዳይገባ» አልኳቸው። «መለኪያውን የሚነካ ሰው እንዳይኖር። ነገር ዓለሜ ያለው እዚያ ላይ ነው።»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ዘበኛ ነኝ!» አሉ ተቆጥተው። «ወፍ አታልፍም።»

ወፍስ አላለፈችም።

ሊነጋ ሲል ዝናቡ ጣለ። ተኝቼ በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ሲንደቀደቅ እሰማለሁ፤ ደህና ዝናብ ነው፣ የክረምቱ መዝጊያ። በልቤ እየለካሁት መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ እናቴ አልነበረችም። «ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ይሆናል» ብዬ ፊቴን ልታጠብ ስነሣ ነጠላዋ ከላይ እስከ ታች ረጥቦ፣ በትንሽ ቅል ውኃ ይዛ ገባች። ሳትናገር ጎንበስ አደረገችኝና በራሴ ላይ አፈሰሰችው። ውኃው አንገቴ ውስጥ ገብቶ ሲወርድ በብርድ ዘለልኩ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። ዓይኖቿን ጨፍናለች።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት እየተንቀጠቀጥኩ።

«ከሰማይ ነዋ» አለችኝ።

ለመመረጤ እየለመነችልኝ ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ጉንጯን ሳምኳትና ወደ ሥራዬ ሮጥኩ።

ወደ ጣቢያው ስቃረብ ቅልና ማሰሮ የያዙ ሴቶች ሲመለሱ አገኘሁ። «እንኳን አደረሰሽ» ይሉኛል እየሳቁ፤ ፊታቸው ሁሉ እርጥብ ነው። አንዷ የሕፃኗን ዓይን በውኃው ትቀባለች። እርምጃዬን አፈጠንኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ ሳሩ ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል። መለኪያው የላይኛው አፉ ተነቅሎ ባዶውን ቆሟል። ጠርሙሱን አውጥቼ ገለበጥኩት። አንድ ጠብታ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ታጥቦ የደረቀ ይመስላል። ከእሱ ያጡት ደግሞ የቴርሞሜትሩን ሳጥን ጣሪያ በነጠላቸው እየጠረጉ ጨምቀው ወስደዋል፤ ሳጥኑ ሰው ፊቱን አዙሮ እንደተቀመጠ ያህል ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

አቦይ ዘበኛው ከግቢው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ሽበታቸው ረጥቦ ከግንባራቸው ላይ ተጣብቋል።

«አቦይ!» ብዬ ጮኽኩ። «ወፍ አታልፍም አላሉኝም?»

«ወፍ አላለፈችም፤ ክርስቲያን ነው ያለፈው» አሉኝ። «እንታይ ክገብር? ምን ላድርግ? ጸበል ፈልጎ የመጣን ሰው በሩፋኤል ቀን በር ልዝጋበት? ይህ ኃጢአት ነው፣ ጓለይ። ደግሞ እኔ አልጀመርኩም። የሁሉም ቀዳሚ አንዲት ሴት ናት። በዚህ ዕቃ ውስጥ ያለው ውኃ የሰው እጅ አይነካውም፣ በቀጥታ ከሰማይ ነው የሚገባው ብላ አስረዳችን። እንደ ካህን ነው የተናገረችው። ሌሎቹ ከዚያ በኋላ ሰምተው መጡ።»

«ማናት እሷ?»

ሽማግሌው አዘኑልኝ መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትሽ ናት እኮ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን በጨዋ ቃል ለመጻፍ ይቸግረኛል። ያስተማርኳት ሳይንስ በሙሉ፣ የመዳቡ ንጽሕና፣ የጠርሙሱ ጥበቃ፣ ቃል በቃል ተሰብኳል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሳቀበትን ትምህርት ዛሬ አንድም ሳይጎድል ተቀብሎታል። የክረምቱን የመጨረሻ ዝናብ ደግሞ እኔ ራሴ በፀጉሬ ይዤው ቆሜያለሁ፤ ከሹሩባዬ ጫፍ አሁንም ይንጠባጠባል።

ፈረንጁ መጣ። ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳሩን አየ።

«ውኃ የት ሄደ?»

«ሰዎች ወሰዱት፣ ጌታዬ። ዛሬ የሩፋኤል በዓል ነው። ጸበል ነው ብለው ወሰዱት። ከፊሉ እኔ ራስ ላይ አለ።»

«አንተ ራስ ላይ?» አለኝ። እርሳሱን አወጣና፣ «ስንት ነው ራስህ ላይ ያለው?» አለ። አልቀለደም። የቀለደ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የምሩን ነበር የጠየቀኝ።

«አልለካሁትም» አልኩ። «ግን መፍትሔ አለ። ዛሬ አልታወቀም ብለን እንለፈው። ሌላው ቀን ሁሉ ትክክል ነው። ክረምቱን ሙሉ የኔ ተራ ሲሆን አንድም ቀን አልጎደለም፣ ያውቃሉ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አልታወቀም ቁጥር አይደለም።»

ይህን ጊዜ ነው ያ የነጋዴ ልጅ የደረሰው። ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር እየሳቀ ገባና ነገሩን ከአፋችን ላይ ለቀመው። ምንም ሳያቅማማ፣ «እኔ ለክቼዋለሁ» አለ። «ሰው እንደሚመጣ ስለጠረጠርኩ ጎህ ሲቀድ መጥቼ ለካሁት።» ቁጥሩንም ተናገረ። ለዚያ ዝናብ የማይበዛ፣ የማያንስ፣ ተመጥኖ የተቆረጠ ቁጥር። ጮሌ አልኳችሁ እኮ።

ፀጉሩ ርሷል። እግሩ እስከ ጉልበቱ የወንዝ ደለል ነው። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ከጎህ በፊት ወንዝ ወርዶ እየተረጫጨ እንዳነጋ መንገድ ላይ ሰምቻለሁ።

«ወንዝ ነው የነበርከው!» አልኩት።

«ከወንዝ በፊት መጥቼ ነበር።»

«ይዋሻል!» አልኩ ወደ ፈረንጁ ዞሬ። «አቦይን ይጠይቋቸው። በር የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።»

ሁላችንም ወደ ዋርካው ዞርን። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ትከሻቸውን አስተካክለው ቆሙ። መጥቷል ቢሉ ይዋሻሉ። አልመጣም ቢሉ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ በሩን ስጠብቅ ነበር ማለታቸው ነው፤ ያኔ በሩን ለሴቶቹ የከፈተው ማን ነው ሊባል ነው። ይህንን ሲያሰሉት በፊታቸው ላይ አነበብኩት፤ ከቴርሞሜትር ይልቅ ይነበብ ነበር። መሬት መሬት እያዩ፣ «ኣይረኣኹን» አሉ። «አላየሁም፣ ጌታዬ። ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

ፈረንጁ የልጁን ቁጥር ጻፈ። የታረቀ ሰው ፊት እንደሚፈታ ፊቱ ተፈታ። ክረምቱ አልሞተም፤ ሙሉ ሆኖ ተዘጋለት። እኔ ግን ባዶውን ጠርሙስ እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ። ቁጥር አይዋሽም እያለ ያስተማረን እሱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልጠራም፤ አንድ ቦታ መዝገብ ውስጥ እንደ እውነተኛ ዝናብ ተከብሮ ተቀምጦ ይሆናል። ሊቃውንትም አንብበውት ይሆናል።

ሊሄድ ሲል ወደ እኔ መለስ አለ። «አንተ ጎበዝ ነህ» አለኝ። «በጣም ጎበዝ። ግን ዝናብ ጠፋብህ።»

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሰበሰበንና የተመረጠውን ተናገረ። ካርቱም የሚሄደው የነጋዴው ልጅ ሆነ። ልጁ እንኳን ትንሽ አፍሮ ነበር፤ «ስመለስ አስተምርሻለሁ» አለኝ። በእጄ የስንዴ ጨርቅ ይዤ ነበር፤ ፊቱ ላይ ወረወርኩት። ሳይንሱን እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር፣ ለእናቴ የማሳየውን ፊት ሳሰናዳ ነበር። ያደረገችውን ለመልካም ብላ ነውና አልጮህባትም አልኩ። ሁለታችን ተቃቅፈን እናለቅሳለን፣ ከዚያ ያልፍልናል አልኩ።

እናቴ ትፈትላለች። ገና በሩን ሳልፍ ቀና ብላ፣ «ማን ሆነ?» አለችኝ።

«እሱ» አልኩ። «የነጋዴው ልጅ።»

«ተመስገን» አለች።

እናቴ በክፉም በደጉም ተመስገን ስለምትል መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ሳያት ግን ፊቷ አላዘነም። እንዝርቱ ያለ ማቋረጥ ይሾራል። ለእሷ ያዘጋጀሁት የትዕግሥት ፊት ሁሉ ከእጄ አመለጠ።

«እማዬ፣ ሰማይ ተከፍቶ ነበር አላልሽም? ያ ሁሉ ጸበል ምን ሠራ ታዲያ? መለኪያዬን ባዶ አስቀረሽው፣ ሥራዬን አጠፋሽብኝ፣ ራሴን አበሰበስሽው፣ ይኸው ቀረሁ! ምን ሠራ?»

«ሠርቷል» አለች።

«ምኑን ነው የሠራው? ቀረሁ እኮ ነው የምልሽ!»

«እሱን ነዋ የለመንኩት።»

ለጥቂት ጊዜ ትርጉሙ አልደረሰኝም። ስትጸልይ ዓይኗን ጨፍና ያየኋት ትዝ አለኝ፤ ያኔ ሆዴ የባባው፣ ጉንጯን የሳምኩት ሁሉ ትዝ ሲለኝ ደሜ ፈላ። በሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ካርቱም ልትሄድ ነው» እያለች ስትኮራ የከረመች ሴት! ለመንገዴ ብላ ቀሚስ ያሰፋችልኝ ሴት!

«በእኔ መለኪያ?» አልኩ። ጩኸቴ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። «በገዛ ጠርሙሴ? እኔው ያስተማርኩሽን ይዘሽ?»

«ውኃው የእግዜር ነው» አለች። ከዚያ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች። «አባትሽን እዚህ አፈር አልብሼዋለሁ። ትቼው አገሬ አልገባም። ዘመድ የለኝ፣ ቋንቋቸውን እንኳን በቅጡ አልለመድኩ። አንቺ ካርቱም ሄደሽ እኔ ብሞት ማን ይቀብረኛል? ጥጥ የሚገዙኝ ሰዎች?»

ድምፅዋ አልተለወጠም፤ እጇ ግን ያስቀመጠችውን እንዝርት መልሶ ይፈልግ ነበር። ያን እጅ ባላየው ኖሮ ንዴቴ ይቀለኝ ነበር። አሁን ንዴቱም አለ፣ እጇም አለ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ አቃተኝ። በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ታዲያ ምነው ብትነግሪኝ?» አልኳት በመጨረሻ። «እንዲህ ከማድረግ አፍ አውጥተሽ አትሂጂብኝ ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ ትቀሪልኝ ነበር?»

ልዋሻት ፈለግሁ። በዓል ነው፣ እናቴ ናት፣ አንድ ቃል ነው። የተመጠነ፣ ዝግጁ መልስ ምን ያህል ሰው እንደሚያስደስት ከሰሞኑ በሚገባ ተምሬ ነበር። ግን አልሆነልኝም።

«አልቀርም ነበር» አልኳት።

«አውቄ እኮ ነው» አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። «ነይ፣ ቁጭ በይ፤ ራት ይቀዘቅዛል።»